የካቻቪቴ እርማት

የስፌት መኪና ጠጋኙን በሰፈሩ እናት አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠራው የለም። ካቻቪቴ ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት ድሮ በልብስ ፋብሪካ ዘይት ቀቢ በነበረ ጊዜ አብረውት የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ምሳ ሲበላ እንኳ ካቻቪቴውን ከደረት ኪሱ ስለማያወጣ። ፋብሪካው ተዘጋ፣ ሰዎቹም በየፊናቸው ተበተኑ፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም። አሁን ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። የሚሠራው ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር በተሸጎጠች ክፍል ውስጥ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። ጣሪያው ራሱ ደረጃው ስለሆነ ሰው በወጣ በወረደ ቁጥር አናቱ ላይ ኳ ኳ ይላል። ለምዶታል። እንዲያውም በኮቴዋ ብቻ የሦስተኛ ፎቋ መምህርት ማርፈዷን ያውቃል።

ካቻቪቴ ሁለት ነገር አይወድም፤ በግድ የተፈታ ብሎንና በግምት የተሰጠ መልስ። ለሁለተኛው ጥላቻው ምክንያት አለው። ታሪኩም እሱ ነው።

ነገሩ የተነሳው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የዩኒፎርም ሰፊዋ መኪናዋን በአንሶላ ጠቅልላ፣ እንደታመመ ልጅ ታቅፋ መጣች። ሁለት መንገድ አልፎ ባለው ቤቷ ለተማሪዎች የምትሰፋ፣ እጇም ምላሷም የፈጠነ ሴት ናት። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ድረሱልኝ! ጉድ ሆንኩልዎት» አለች ገና በር ላይ ሳለች።

«ግቢ እስቲ። ምን ሆነች?»

«ስፌት መዝለል ጀመረች። አንዱን ትሰፋለች፣ ሁለቱን ታልፋለች። ስልኬን ጠየቅሁትና ያለኝን አደረግሁ። ከዚያ ቋ! አለችና ድርቅ።»

ካቻቪቴ መነጽሩን አወረደ፣ መኪናዋን በጎኗ አስተኛትና ከሥር ከፈታት። ብዙ አልፈለገም። ከታች የላይኛውን ክር እየያዘ ከታችኛው ጋር የሚያገናኘው መንጠቆ ጫፉ ተሰብሯል። መርፌዋ ዝቅ ብላ ራሱን መንጠቆውን ነው የመታችው።

«ማነው የመርፌውን ዘንግ ዝቅ ያደረገው?»

«እኔ ነኛ! ስልኩ ዝቅ አድርጊው አለኝ።»

«ስልክሽ መቼ ነው ጠጋኝ የሆነው?»

«ኧረ ጋሼ ደግሞ! የማያውቀው ነገር የለም እኮ። የልጄን ሳል እንኳ የምጠይቀው እሱን ነው። ቆይ ላንብብልዎት፤ እንዴት አድርጎ እንደሚያስረዳ ይስሙ።» ስልኳን ከደረቷ አውጥታ በጣቷ ስትፈልግ ቆየችና እንደ ደብዳቤ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «እህቴ ሆይ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። የተናደደ እጅ ብሎን ይበላል። መርፌውን የያዘውን ዘንግ በአንድ ጥፍር ውፍረት ብቻ ዝቅ አድርጊው። ቀስ ብለሽ! መኪናና አማት በጉልበት አይመለሱም፤ በዘይትና በትዕግሥት እንጂ።»

አንብባ ስትጨርስ ሳቀች። «አማት! አያስቅም?»

ካቻቪቴ አልሳቀም። እጁ መኪናዋ ሆድ ውስጥ እንዳለ ቀረ። መኪናና አማት በጉልበት አይመለሱም ያለው እሱ ነው። ከማንም አልሰማውም፤ አማቱ በሕይወት ሳሉ፣ ከእሳቸው ጋር ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሮ፣ ከገዛ ቤቱ ያወጣው ነገር ነው። «እህቴ ሆይ» የእሱ ነው። «የተናደደ እጅ ብሎን ይበላል» የእሱ ነው። እና ከሁሉ የከፋው፣ ያ «ዝቅ አድርጊው» የሚለው ስህተትም የእሱ ነው። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት በገዛ አንድ ጣቱ ለቅሞ ጽፎታል።

«ጋሼ? ምነው ደነገጡ?»

«መኪናዋን ተዪልኝ» አለ። «አስተካክላታለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ትወስጃታለሽ።»

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመለስ። ያን ጊዜ ኢንተርኔት ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር አልነበረም፤ ሰው ነበር ወደ እሱ የሚሄደው። ካቻቪቴ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ፣ እጁን በሳሙናና በአሸዋ ፈትጎ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር ወደ ኢንተርኔት ቤቱ የሚሄደው። ባለቤቱ «የት ነው ሙሽራው?» እያለች ትቀልድበት ነበር። በዚያ ቤት አራት ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። መስመሩ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። የተላከ ፎቶ ከላይ ወደ ታች እንደ መጋረጃ ቀስ እያለ ነበር የሚወርደው፤ የመኪናው ብልሽት ከታች በኩል ከሆነ፣ ሻይ ጠጥቶ መመለስ ነው።

የሚገባበት ገጽ «የመርፌ ዓይን» ይባላል። የሰፊዎችና የጠጋኞች መወያያ ነበር። ያቋቋመው ራሱን «ዘበኛው» ብሎ የሚጠራ ሰው ነው። ስፌት አያውቅም፤ የኮምፒውተር ሰው ነው። እናቱ ግን ሰፊ ነበሩ፤ መኪናቸው ተበላሽቶ የሚጠይቁት ሰው ቢያጡ ልጃቸው ጥያቄያቸውን የሚሰቅልበት ቤት ሠራላቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ የእሳቸው ነው። የመጀመሪያው መልስ የካቻቪቴ። ከዚያ ቀስ በቀስ ሰው ሞላ። «ድርብ ስፌት» የምትባል ሴት ነበረች፣ ከሩቅ ከተማ የምትጽፍ፤ ጥያቄዋን ከማቅረቧ በፊት የካቻቪቴን ወገብ ሕመም ሳትጠይቅ አታልፍም። «ነጠላ ክር» የተባለ የሆስፒታል አንሶላ ሰፊ ነበር፤ ሲሞት ልጁ ገብታ ነገረቻቸው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ መኪና ማንም አልጻፈም። ፊት ለፊት የሚተዋወቅ አንድም ሰው አልነበረም። ዕድሜም ማዕረግም የለም፤ ሁሉም አንተና አንቺ ነው።

ጥያቄ ሳምንት ሊጠብቅ ይችላል። ጠያቂው ይህን ስለሚያውቅ አስቦ ነው የሚጠይቀው። መልሱም ቢሆን የችኮላ አልነበረም። ካቻቪቴ ጥያቄዎቹን ቅዳሜ በደብተር ገልብጦ ይወስዳል፣ ሳምንቱን ሙሉ እየሠራ ያብሰለስላቸዋል፣ መልሱን በእርሳስ ይጽፋል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አምጥቶ አንድ አንድ ፊደል እየለቀመ ያስገባዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ማን ምን ሊያደርግለት ነው? ምንም። አንድ የማያውቃት ሴት በሳምንቱ «ካቻቪቴ፣ ሠራችልኝ!» ብላ ትጽፋለች። በቃ፣ እሷ ትበቃዋለች። ያችን እያሰበ በፉጨት ነው ወደ ቤቱ የሚገባው።

ያ ቤት አንድ ደንብ ነበረው። ዘበኛው በገጹ አናት ላይ በቀይ ጽፎታል። «እዚህ ቤት ስህተት አይሰረዝም። የተሳሳተ ሰው ስህተቱን ባለበት ትቶ ከሥሩ ያርማል። የሚማር ሰው ሁለቱንም ይይ።»

እና ከዕለታት በአንድ ቅዳሜ ካቻቪቴ ተሳሳተ። ስፌት ስለምትዘል መኪና አንዲት ሴት ጠይቃ፣ እሱ የፋብሪካውን ትልልቅ መኪናዎች እያሰበ ለቤቷ መኪና መለሰ። መልሱ ያምር ነበር። አማቱም ገብተውበታል። ሰዉም ሳቀለት። ማክሰኞ ዕለት ታዲያ ምሳውን እየበላ ሳለ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ትዝ አለው፤ ዝቅ አይደለም፣ ከፍ ነው! እጁን ሳይታጠብ፣ ሱቁን እንኳ በወጉ ሳይቆልፍ ሮጠ። የኢንተርኔት ቤቷ ልጅ ዘይት የነካ እጁን አይታ «ኧረ ኪቦርዱን!» ብትል አልሰማትም። ከስህተቱ ሥር እንዲህ ብሎ ጻፈ።

«ከላይ የጻፍኩት ስህተት ነው። ዝቅ አይደለም፤ ከፍ ነው። ዝቅ ካደረጋችሁት መርፌው መንጠቆውን ይመታና ጫፉን ይሰብረዋል። ያሳሳትኳት እህት ካለች ይቅር ትበለኝ። ካቻቪቴ።»

ጠያቂዋ ገና አልነካችውም ነበር፤ ተረፈች። ዘበኛው ከካቻቪቴ እርማት ሥር «ሰው ማለት እንዲህ ነው። የቤቱ ደንብ ያልገባው ይህችን ያንብብ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ደንቡን የሚማረው ከዚያች ገጽ ነበር። ካቻቪቴ በሕይወቱ ብዙ መኪና አድኗል፤ እንደዚያች ሁለት መስመር ያኮራው ነገር ግን የለም።

ከዚያ የምታውቁት መጣ። ስልኩ ኪስ ገባ፣ ሰዉም ከስልኩ ጋር ሌላ ቤት ገባ። ካቻቪቴም አንዴ ገብቶ አይቶታል። አንዱ ይጨፍራል፣ አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ መኪና ይሸጣል፤ የሚጠይቅ ሞልቷል፣ መልስ የሚጠብቅ የለም። ተመልሶ ወደ መርፌ ዓይን ሄደ። እዚያም ሰው እየሳሳ ነበር። የዛሬ አምስት ዓመት አንድ ቅዳሜ በሩ አልከፈት አለ። ለዘበኛው መልእክት ላከ። «የገጹ ማስቀመጫ ኮምፒውተር ተቃጥሎብኝ ነው» አለ ዘበኛው። «ሁሉም ጠፋ። አዝናለሁ ወንድሜ።» ካቻቪቴ ሰው እንደሞተበት ሆነ። ደብተሮቹን በፌስታል ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተታቸው። ስለዚያም ነገር ዳግም አላነሳም።

እንግዲህ ያን ማክሰኞ ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ቤቱ የገባው ይህን ሁሉ በሆዱ ይዞ ነው። ባለቤቱ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ነገሩን ሲነግራት መጀመሪያ የያዘችው የራሷን ነው።

«የእናቴን ስም ነው በየስልኩ የሚያዞሩት?»

«ስማቸውማ አልተጠራም።»

«አማት አላልክም? ስንት አማት ነበረህ?» ብላ ስልኳን አነሳች። መነጽሯን አድርጋ ያንኑ ጥያቄ ጻፈች። መልሱ በአንድ ትንፋሽ መጣ፤ እህቴ ሆይ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ካቻቪቴ ፊቱን አዞረ። እሷ ግን ዋዛ አይደለችም። «ተሳስተሃል፤ ዝቅ ሳይሆን ከፍ ነው» ብላ ጻፈችለት።

«ልክ ነዎት» አለ ስልኩ። «ስለ ስህተቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዘንጉ ከፍ መደረግ አለበት። ስላረሙኝ አመሰግናለሁ።»

«ይኸው!» አለች ባለቤቱ በደስታ። «ሰው እንኳ ጥፋቱን እንዲህ አያምንም። አለቀ።»

«እስቲ እንደ አዲስ በኔ ስልክ ጠይቂው።»

ጠየቀችው። እህቴ ሆይ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ዘንጉን ዝቅ አድርጊው። መኪናና አማት።

ስልኩ ይቅርታ ማለቱን ያውቅበታል፣ ከብዙ ሰው ይልቅ ያውቅበታል፤ መታረም ግን አይችልም። ባለቤቱ በመዝገብ ቤት ዓይኗ ከመልሱ ግርጌ በትንንሹ የተጻፈውን አየችና ስልኩን ወደ መብራቱ አስጠጋች።

«ከየት እንደወሰደው ይላል። የመርፌ ዓይን።»

«የመርፌ ዓይንማ ተቃጥሏል» አለ ካቻቪቴ።

ነካችው። ተከፈተ። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ዙሪያውን ማስታወቂያ የሞላበት ገጽ ነው። ጥያቄው አለ፤ ከሥሩ አንድ መልስ፤ በጸሐፊው ስም ቦታ «ባለሙያ» ይላል። ከዚያ በታች ባዶ ነው። እርማቷ የለችም። ድርብ ስፌት የለችም፣ የነጠላ ክር ለቅሶ የለም፣ በቀይ የተጻፈው ደንብ የለም። ካቻቪቴ እንደ ድሮው ስሙን አስገብቶ ሊገባ ሞከረ። ማንነቱን የሚያረጋግጥ ቁጥር ወደ ኢሜይሉ ልከናል አለው፤ ያ ኢሜይል ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። በገዛ ቤቱ በር ላይ ማነህ ተባለ።

«ገጽ የተገነጠለበት መዝገብ ሌላ መዝገብ ነው» አለች ባለቤቱ ቀስ ብላ። «እኛ ዘንድ ቢሆን ያስከስሳል። ማን ነው የገነጠለው?»

ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። ዘበኛው ግን ሳይቀብር ነው ያረዳው።

የዘበኛው ስልክ ቁጥር ከድሮው ደብተር ጀርባ ላይ ነበር። ሲደውልለት ዘበኛው አነሳ። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ዘበኛው ከሚሠራበት ሕንጻ ሥር ባለ ሻይ ቤት ተገናኙ። አንድ ከተማ ውስጥ ኖረው ፊት ለፊት ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ካቻቪቴ ሽበታም ሰው ሲጠብቅ ነበር፤ በንግግሩ ሁልጊዜ ታላቁ ነበር የሚመስለው። የመጣው ግን አርባ አምስት የማይሞላው፣ መታወቂያ በአንገቱ ያንጠለጠለ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ሰው ነው።

«ጋሽ ካቻቪቴ ነዎት?» አለና ጎንበስ ብሎ ጨበጠው። «እንዴት ነዎት? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።»

አሥራ አራት ዓመት አንተ ሲለው የኖረ ሰው ነው። ካቻቪቴ እርስዎ መባሉ ደስ አላለውም፤ አክብሮቱ እንደ በር ተዘግቶበት ቆመ።

ሻይ አዘዙ። «እናትህ እንዴት ናቸው?» አለ ካቻቪቴ። ሌላው ሁሉ ቢቀር የቤቱ ባለቤት እሳቸው ነበሩ።

«አረፉ። ሦስት ዓመታቸው።»

«ነፍሳቸውን ይማር። ምነው ሳትነግረኝ?»

«የት እነግርዎታለሁ? ቤቱ ተዘግቶ።»

«ተዘግቶ?»

ዘበኛው ስኳሩን ማማሰል ጀመረ። ካቻቪቴ ባለቤቱ ያሳተመችለትን የገጹን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ዘበኛው ለማንበብ አላነሳውም። ማንበብም አላስፈለገውም።

«ሸጥኩት» አለ።

«ተቃጠለ ነው ያልከን።»

«ተሸጠ ብዬ ብነግራችሁስ ምን ልትሉኝ ነበር?» ድምፁ ትንሽ ከፍ አለ። «ሰው አልነበረም እኮ፣ ጋሼ! በመጨረሻው ዓመት አሥራ አንድ ሰው ነው የቀራችሁት። ሁሉም ጥሎ ሄደ። እኔ ብቻዬን ባዶ ቤት ስጠብቅ ነበር። ጽሑፍ የሚገዙ ሰዎች መጥተው እንካ ገንዘብ ሲሉኝ ምን ላድርግ?»

«እኔስ ሄጄ ነበር?»

«እርስዎ አልሄዱም» አለ ዘበኛው፤ ድምፁ ተመልሶ ወረደ።

«መሸጥህን ተወው። ቤት ይሸጣል። ስሜንም ይውሰዱት፣ አማቴንም ይውሰዱ። እርማቴስ?»

«አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ ነበር ውላቸው። ሌላው ሲታይ ጭቅጭቅ ይመስላል አሉ። አጽዳው አሉኝ። ሦስት ወር ሙሉ በእጄ ነው ያጸዳሁት።»

«በእጅህ።»

«በእጄ።»

«የኔ ላይ ስትደርስስ?»

ዘበኛው ረሳሁት ሊል ይችል ነበር። ካቻቪቴ እንዲያውም ያን እየለመነ ነበር በልቡ፤ ረሳሁት በለኝ፣ አላየሁትም በለኝ፣ ማሽን ነው የቆረጠው በለኝ።

«አስታወስኩት» አለ ዘበኛው። «እውነቴን ነው፣ እጄ ቆመ። ግን ሲነበብ ደስ የሚለውን አስቀር ነበር የተባልኩት። የመጀመሪያው እኮ… ያምር ነበር። ሰው ይስቅበት ነበር። እርማቷ ሁለት መስመር ናት፤ ያውም ደረቅ ያለች።»

ካቻቪቴ ሻዩን ሳይቀምስ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ። ሌባ ቢሰርቀው ይሻለው ነበር፤ ሌባ የሚወስደውን ነገር ትርጉም አያውቅም። ይሄ ያውቃል። ደንቡን በቀይ የጻፈ እጅ ነው የሰረዘው።

«እናትህ ጠይቀው ቢሆን» አለ፣ «የትኛውን ታስቀርላቸው ነበር?»

ዘበኛው በአንገቱ ያንጠለጠለውን መታወቂያ ይዞ ማገላበጥ ጀመረ።  «የገዙት ሰዎች የአስተያየት መስጫ አላቸው፣ ሊንኩን እልክልዎታለሁ» አለ።

አላከም እንዳይባል፣ ልኳል። ካቻቪቴ መንገድ ላይ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሲከፍተው በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል ብሎ አምስት ኮከብ ደረደረለት። የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም።

ቤቱ ሲደርስ ባለቤቱ ከፊቱ አነበበችው። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለች።  እሱም አልጋ ሥር ገብቶ የድሮ ደብተሮቹን አወጣና እስኪመሽ ሲያገላብጥ ቆየ። ስሜቱን ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን «ተዋርጃለሁ» አላት። ስለ ራሱ እንዲህ ብሎ ስትሰማው በአርባ ዓመት ትዳራቸው የመጀመሪያዋ ነው።

ጠዋት ሱቁን ከፍቶ የዩኒፎርም ሰፊዋን መኪና ጠረጴዛ ላይ አወጣ። አዲስ መንጠቆ የሚገኝ አይደለም፤ ያ ዓይነት መኪና መመረት ካቆመ ቆይቷል። ሱቁ መስኮት ላይ ግን ዓይነቱ ያው የሆነ አንድ ጥቁር የቤት ስፌት መኪና አለ፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ከቁርጥራጭ መጋዘን ያወጣው፣ ሥራ ማቆሙን የማያውቅ እስኪመስል በየሳምንቱ ዘይት የሚቀባው። ስንቱ ሽጥልን ብሎ ለምኖ መልሶታል። ካቻቪቴ እሱን በጎኑ አስተኛው፣ መንጠቆውን ፈታው፣ አውጥቶም ለሰፊዋ መኪና አደረገው። ዘንጉን ከፍ አደረገ፤ በአንድ ጥፍር ውፍረት ብቻ። በጨርቅ ሞከራት። አንድም አልዘለለችም።

ግን አልዘጋትም። ከደብተሩ አንድ ቅጠል ቀዶ፣ እንደ ድሮው በእርሳስ መጻፍ ጀመረ። ደንቡ ስህተት አይሰረዝም ነው የሚለው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ስህተቱን ሙሉውን ጻፈ፤ እህቴ ሆይን፣ የተናደደውን እጅ፣ ዝቅ አድርጊውን፣ አማቱንም ሳያስቀር። ከሥሩ እርማቷን ጻፈ። ከእርማቷ ሥር ስሙን። ወረቀቷን ዘይት እንዳይነካት በፕላስቲክ አድርጎ፣ መኪናዋ ሆድ ውስጥ፣ በክዳኗ ውስጠኛ በኩል ለጠፋት። ነገ ያችን መኪና የሚከፍት ሰው ሳያያት አያልፍም።

ሰፊዋ ከሰዓት መጣች። ሞክራ፣ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ካቻቪቴ ክዳኑን ከፈተና ወረቀቷን አሳያት። «ስልክሽ የመለሰልሽን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ፤ ለዚህ ነው የእጅ ዋጋ የማልቀበልሽ። ይቅር በዪኝ።»

ሰፊዋ ወረቀቷን እያየች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ሽማግሌ እንዳይቀየም እንደምትጠነቀቅ ልጅ ለስለስ ብላ ፈገግ አለች።

«ጋሼ ደግሞ! ይሄንን ከስልኩ ነው የገለበጡት። ቃል በቃል እኮ ነው።»

ካቻቪቴ አፉን ከፈተ። ስለ አራት ቁጥር ኮምፒውተር፣ ስለ ደብተሮቹ፣ ስለ ዘበኛው ሊነግራት ፈለገ። የት ተጀምሮ የት ያልቃል? ከላይ አንድ ሰው ደረጃውን ኳ ኳ እያለ ወረደ። እስኪያልፍ ጠበቀ።

«ከታች ያለችውስ?» አላት በጣቱ እያሳየ። «እሷስ ስልክሽ ላይ አለች?»

ሰፊዋ ስልኳን አወጣችና አየች። ወደ ታች ገፋች፣ ወደ ላይ መለሰች።

«እሷማ የለችም» አለች።

«እሷ የኔ ናት» አለ ካቻቪቴ፤ ክዳኑንም ዘጋው።